ኪንድሌን በምን ልሸፍነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ዋሽንግተን የምትኖረው እህቴ ስታነብበት የቆየችውን ኪንድል ፔፐርዋይት፣ የአማዞንን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ፣ ልካልኝ፣ አሁን ከእጄ አይለይም። የመጣው ያለ ሽፋን ነው። ቀኑን ሙሉ ቦርሳዬ ውስጥ ከምሳ ዕቃ፣ ከቁልፍና ከተማሪዎች ደብተር ጋር ይውላል። ሞባይል ቤት ስጠይቅ ለማንኛውም ባለ ሰባት ኢንች ታብሌት ይሆናል የተባለ ከቨር አሳዩኝ። ሌላው ነጋዴ ደግሞ «ውሃ የማያስገባ ዕቃ ነው፤ መስታወት ብቻ ለጥፊበት፣ ይበቃል» አለኝ። እህቴን ሌላ ወጪ ማስወጣት አልፈልግም። በአቅሜ ምን ላድርግ?
መምህርት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ መምህርት፣ ከሁሉ አስቀድመው ምሳ ዕቃውን ከኪንድሉ ያርቁልኝ። ስለ ሽፋኑ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።

ለጥገና እጄ የሚገቡት የተሰበሩ ኪንድሎች አብዛኞቹ የወደቁ አይደሉም፤ ቦርሳ ውስጥ ተጭነው የተጎዱ ናቸው። ባለቤቱ አውጥቶ ሲያሳየኝ የገጹ ግማሽ ይነበባል። በሌላው ግማሽ ላይ ቀድሞ የነበረ ሥዕል ከነመስመሩ ቀርቷል፤ ቢያጠፉት ቢያበሩት አይለቅም። በጣቴ ስዳብሰው ግን ልስልስ ነው፣ አንድ ጭረት አላገኝበትም። ባለቤቱን ግራ የሚያጋባውም ይኸው ነው። ጣታችን የሚነካው ፕላስቲክ ነው። የተሰበረው ከሥሩ ያለው ስስ መስታወት ነው፤ ፊደሉን የሚያወጡት ጥቃቅን ትራንዚስተሮች የተደረደሩት እሱ ላይ ነው። ይህ ዓይነቱ ስክሪን አንዴ ያወጣውን ምስል ያለ ኤሌክትሪክ ይዞ ስለሚቆይ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀበት ቦታ የመጨረሻውን ሥዕል እንደያዘ ይቀራል። ስክሪኑን ለማስቀየር የሚወጣው ገንዘብ ደግሞ ሌላ ያገለገለ ኪንድል ወደ መግዛት ይጠጋል።

እንግዲህ እርስዎ የሚያስፈልግዎት ከመጫንና ከመታጠፍ የሚያድን ነገር ነው። የሚለጠፈው መስታወት ጭረት ይከላከል ይሆናል፤ የምሳ ዕቃ ጠርዝ ሲጫነው ግን አያድነውም። በዚያ ላይ ስለሚያብለጨልጭ ፀሐይ ላይ እንደ ወረቀት የመነበብን ጥቅም ያሳጣዎታል፤ ኪንድልን ኪንድል ያደረገው ይህ ሆኖ ሳለ። ውሃ አያስገባም የተባለውም የሚሠራው እ.ኤ.አ. ከ2018 ሞዴል ጀምሮ ላሉት ፔፐርዋይቶች ነው፤ በንጹህ ውሃ እስከ 2 ሜትር ጥልቀት ለ60 ደቂቃ። ታክሲ ውስጥ ሰው ቦርሳዎን ሲደገፈው ይህ ምንም አይረዳዎትም።

የታብሌት ከቨሩንም ይተዉት። እንዲህ ያሉት ዕቃውን የሚይዙት በማዕዘን ላስቲክ ወይም በሚለጠጥ መንጠቆ ነው። የፔፐርዋይት ማብሪያ ደግሞ በታችኛው ጠርዝ፣ ቻርጀር ከሚሰካበት አጠገብ ስለሆነ መንጠቆው እየተጫነው ያስቸግርዎታል።

ሞዴሉን ለማወቅ ማስመሪያ ይበቃዎታል። ቁመቱ 16.7 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ የቻርጀሩ ቀዳዳ አሮጌው ማይክሮ ዩኤስቢ ከሆነ የ2018ቱ ነው። 17.4 ሆኖ ታይፕ ሲ ከሆነ የ2021ዱ፣ ወደ 17.7 ከደረሰ የ2024ቱ ነው። ከ2018 በፊት የነበሩትን በጣት መለየት ይቻላል፦ ጣትዎን ከጠርዙ ወደ ስክሪኑ ሲያንሸራትቱ እንደ ደረጃ ዝቅ ይላል። በአዲሶቹ ግን ጠርዙና ስክሪኑ እኩል ነው።

እኔ ብሆን ልብስ ሰፊ ዘንድ ከረጢት አሰፋለት ነበር። የደብረ ብርሃን ሰው ሆነው የብርድ ልብስ ቁራጭ አያጡም። መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ሄደው ለጥራዝ የሚሆነውን ጠንካራ ካርቶን፣ ውፍረቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሆነውን፣ ሁለት ቁራጭ ይግዙ። ከኪንድሉ በየጎኑ ግማሽ ሳንቲ ሜትር አስበልጠው ይቁረጡት። ከካርቶኑ ቀጥሎ ብርድ ልብሱ፣ ከብርድ ልብሱ ቀጥሎ ለስላሳ ገበር ይግባ። ገበሩን አይዝለሉት፤ የሱፉ ብናኝ የቻርጀሩ ቀዳዳ ውስጥ ይጠቀጠቃል። ለውጪው ያረጀ የቆዳ ጃኬት ወይም ወፍራም ሸራ ይሆናል። ልብስ ሰፊ እምቢ ካለዎት ጫማ ሰፊ ይሠራዋል፤ መርፌውም ክሩም ጠንካራ ነው።

አፉ በአጭሩ ጎን ይሁን፣ ክዳኑ ታጥፎ ወደ ውስጥ ይግባ። ዚፕ አያስደርጉበት፤ ባወጡና ባስገቡ ቁጥር ስክሪኑን ይፍቀዋል። የማግኔት ቁልፍም እንዳይሰፉበት። ኪንድል ሽፋኑ መዘጋቱን የሚያውቀው በማግኔት ነው፤ ያለ ቦታው ማግኔት ከተጠጋው ቦርሳ ውስጥ ሲበራና ሲጠፋ ይውልና ባትሪውን ይጨርሳል።

ሲያልቅ ኪንድሉን ሳያስገቡ ይሞክሩት። ባዶውን ከረጢት በሁለት መጻሕፍት መካከል እንደ ድልድይ አጋድመው መሐሉን በአውራ ጣት ይጫኑ። ከጎበጠ በስክሪኑ በኩል ያለውን ካርቶን ድርብ ያድርጉት። ገንዘብ ካጠረዎት ከቆዳው ይቀንሱ፣ ከካርቶኑ ግን በፍጹም።

እህትዎ ራሳቸው ልላክልሽ ካሉ አይከልክሏቸው። እንደ ፊንቲ ወይም ሞኮ ያሉ ድርጅቶች የሚሠሯቸው ሽፋኖች ከአማዞን ከራሱ የቆዳ ሽፋን በጣም ይረክሳሉ፣ ሥራቸውንም በደንብ ይሠራሉ። የሞዴሉን ዓመት ብቻ በትክክል ይንገሯቸው፤ የ2021ዱ ሽፋን ለ2024ቱ አይሆንም። ከመጣልዎ በኋላ ሽፋኑን ለማውለቅ ኪንድሉን ይዘው አይጎትቱ። የሽፋኑን ፕላስቲክ አንድ ማዕዘን በጥፍር ወደ ውጪ ለጠጥ አድርገው ቀስ ብለው ያላቁት። በማውለቅ ላይ ታጥፎ የተሰበረ ኪንድል አይቻለሁ፤ ባለቤቱ ሊያጸዳው ብሎ ነበር።

ልብስ ሰፊው እስኪያደርስልዎት ድረስ ኪንድሉን በሁለት ጠንካራ ሽፋን ባላቸው ደብተሮች መካከል አድርገው በላስቲክ ይሰሩት። ላስቲኩ ደብተሮቹን ይያዝ እንጂ አይጥበቅ። ቦርሳው ውስጥ ሲያስገቡት ስክሪኑ ወደ ጀርባዎ ይዙር፣ ቁልፉ ደግሞ በውጪው ኪስ ይግባ።