አፕግሬድ ካደረግክ በኋላ «ኢመርጀንሲ ሞድ» ብሎ ለቆመው ኮምፒውተር

ወንድሜ፣ ሐዋሳ ያለው የህትመት ቤትህ ኮምፒውተር ከኡቡንቱ ሊኑክስ 20.04 ወደ 22.04 ካለፈ በኋላ «ኢመርጀንሲ ሞድ» (ለጥገና ብቻ የሚከፈት ጥቁር ስክሪን) ብሎ እንደቆመ፣ የደንበኞች ሥራ ያለበት ሁለተኛው ዲስክም እንደማይታይ ጽፈሃል። ከሁሉ በፊት ምንም ነገር ፎርማት እንዳታደርግ። ብዙውን ጊዜ ዳታው ቦታው ላይ አለ።

ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ የምንላቸውን የዲስክ ስሞች ከርነሉ (የሲስተሙ ዋና ክፍል) ሲነሳ በተራ ነው የሚያድላቸው፤ ቀድሞ የተገኘው ኤስዲኤ ይሆናል። አዲሱ ከርነል ዲስኮቹን በሌላ ተራ ካገኛቸው ወይም ፍላሽ ተሰክቶ ከቀረ ስሞቹ ይቀያየራሉ። ኢንስቶለሩ ኤፍኤስታብ (ሲስተሙ ሲነሳ የትኞቹን ዲስኮች እንደሚከፍት የሚነግረው ፋይል) ውስጥ የሚጽፋቸው መስመሮች በዩዩአይዲ (የዲስክ ክፍሉ ፎርማት ሲደረግ የሚሰጠው መለያ ቁጥር) ስለሆኑ ይህ አይነካቸውም። የሚበላሸው በእጅ «ዴቭ ኤስዲቢ1» ተብሎ የተጨመረው መስመር ነው። ሲስተሙ ያን ስም 90 ሰከንድ ይጠብቅና ሲያጣው ጥቁሩ ስክሪን ላይ ይጥልሃል።

እዚያው ስክሪን ላይ ኢንተር ተጫንና ግባ። ፋይል ማስቀመጥ ከከለከለህ ሩት ፓርቲሽኑን (ሲስተሙ ራሱ ያለበትን የዲስክ ክፍል) በሪማውንት፣ ማለትም ድጋሚ በመክፈት፣ ለመጻፍ ክፈተው። ኤልኤስቢኤልኬ የሚባለውን ትእዛዝ ከሰረዝ ኤፍ ጋር ስታዝዘው የእያንዳንዱን ፓርቲሽን ዓይነትና ዩዩአይዲ ያሳይሃል፤ መጠኑን ለማየት ያለ ሰረዝ ኤፍ እዘዘው፣ ዲስክህን በመጠኑ ለየው። የኤፍኤስታብን ኮፒ አስቀምጥ፣ ከዚያ የድሮውን ስም አጥፍተህ በቦታው ዩዩአይዲውን ጻፍ። የኤክስት4 ዩዩአይዲ ሰረዞቹን ጨምሮ 36 ምልክት ነው፣ አንዷ ከጎደለች አይሠራም። ፓርትዩዩአይዲ የሚባለው ሌላ ቁጥር ነው፣ እንዳታምታታው። ኦፕሽኑ ላይ «ኖፌይል» ጨምርበት፤ ወደፊት ዲስኩ ቢነቀል እንኳ ኮምፒውተሩ ይነሳል። ለሩት ፓርቲሽን ግን ኖፌይል አይጻፍም።

ሪስታርት አትቸኩል። መጀመሪያ ሲስተሙ ኤፍኤስታብን እንደገና እንዲያነብ «ሲስተምሲቲኤል ዴሞን-ሪሎድ»፣ ቀጥሎ ዲስኮቹን እንዲከፍት «ማውንት ሰረዝ ኤ» በል። ምንም ሳይናገር ከተመለሰ ደህና ነው። «ፋይንድማውንት» በቬሪፋይ ኦፕሽኑ ደግሞ የተሳሳተውን መስመር ይጠቁምሃል።

ሰዎች የሚረሱት ስዋፕን (ራም ሲሞላ የሚያግዘውን የዲስክ ክፍል) ነው። ዲስኩ ላይ ሌላ ሊኑክስ ተጭኖ ከነበረ ስዋፑ ድጋሚ ፎርማት ተደርጎ ዩዩአይዲው ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ኤፍኤስታብን ብቻ ሳይሆን በኢኒትራምኤፍኤስ-ቱልስ ፎልደር ውስጥ «ሪዚዩም» የሚባለውንም ፋይል እይ፣ የስዋፑ ዩዩአይዲ እዚያም ይጻፋል፤ አስተካክለህ «አፕዴት-ኢኒትራምኤፍኤስ ሰረዝ ዩ» አዝዝ። ይህ ሲሠራ መብራት ከሄደ ከርነሉ ላይነሳ ይችላልና ዩፒኤስ ከሌለህ መብራቱ ሲረጋጋ ጠብቅ። የግራብ (ከርነሉን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ኮንፊግ ውስጥ የድሮ ስም ካለም አስተካክለህ «አፕዴት-ግራብ» በል።

ፍሪቢኤስዲ (ከሊኑክስ የተለየ ሲስተም) ለምትጠቀሙም ነገሩ ያው ነው። ከቨርዥን 8 ወደ 9 ሲታለፍ ኤዲ ይባሉ የነበሩት የሳታ ዲስኮች ኤዲኤ ተባሉ፣ ቁጥራቸውም ተቀየረ። መፍትሔው በሌብል (ራስህ በምትሰጠው ስም) መጠቀም ነው።

ዩዩአይዲ የሚያሳስተው ዲስክ ክሎን (ሙሉ ኮፒ) ስታደርግ ነው። ሁለቱም አንድ ዓይነት ቁጥር ይይዛሉ፣ ሲስተሙም የትኛውን እንደሚከፍት አይታወቅም። ኮፒውን ማውንት ሳይደረግ «ቲዩን2ኤፍኤስ ሰረዝ ትልቁ ዩ ራንደም» ብለህ አዲስ ቁጥር ስጠው።