ሴሊያክ ያለበት ልጅ ካምፕ ሲሄድ

እህቴ፣ የ9 ዓመት ልጅሽ ሴሊያክ (ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አንጀትን የሚጎዳበት ሕመም) እንዳለበትና በዚህ ክረምት ለመጀመሪያ ጊዜ ካምፕ ሊያድር እንደሆነ ጽፈሽ «አዘጋጆቹ እንጀራችን ጤፍ ስለሆነ አታስቢ አሉኝ፤ ይህን አምኜ ልላከው?» ብለሻል። እኔም እዚሁ ጅማ ሴሊያክ ያለባት ልጅ አሳድጋለሁ፣ ካምፕም ልኬያታለሁ። ላኪው። ግን «ጤፍ ነው» የሚለው መልስ ብቻውን አይበቃሽም።

ጤፍ በራሱ ግሉተን የለውም፤ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳና ቆጮም እንዲሁ። ነገር ግን ጤፍ ሲወደድ ለብዙ ሰው የሚጋገር እንጀራ ላይ ስንዴ ወይም ገብስ ጣል ይደረጋል። ሳይደባለቅም ቢሆን ወፍጮ ቤቱ ስንዴና ገብስ በፈጨበት ወፍጮ ነው ጤፉን የሚፈጨው። እርሾው ከድብልቅ ሊጥ የተረፈ ሊሆን ይችላል፤ ምጣዱ ላይም ቂጣ ይጋገርበት ይሆናል። ይህን ሁሉ አስተባባሪውን ሳይሆን ወጥ ሠሪዋን ጠይቂ፣ በስልክ ሳይሆን ሄደሽ። እሱ በቅንነት «ችግር የለም» ይልሻል፤ ጭልፋው ያለው ግን እሷ እጅ ነው። እኔ ከወጥ ሠሪዋ ጋር ቡና ጠጥተን ነው የተግባባነው። ከዚያ ወዲህ የልጄን ሽሮ ለብቻው በትንሽ ድስት ትሠራላት ነበር፣ ሽሮውንና በርበሬውንም እኔው ነበርኩ የምልከው።

«ትንሽ ቢቀምስ ምን ይሆናል?» ማለታቸው አይቀርም። በዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ ከግሉተን ነፃ የሚባለው በኪሎ ከ20 ሚሊግራም ያልበለጠ ግሉተን ያለው ነው። የዳቦ ፍርፋሪም ቢሆን ትንሹን አንጀት ይጎዳል፤ ልጁ ሆዴን አመመኝ ባይል እንኳ። ለአስተባባሪው የሐኪም ወረቀት ስጪው።

ስንቁን በተመለከተ ከድርቆሽ የሚሻል አላገኘሁም። የጅማ ክረምት እንጀራን ቶሎ ያሻግታል፣ ስለዚህ ዝናቡ ሳይጠና አድርቂው። ወፍጮ ቤት ጠዋት ከሁሉ ቀድመሽ ሂጂ፤ መጀመሪያ በቆሎ አስፈጭተሽ ዱቄቱን ለሌላ ሰው ስጪ፣ ከዚያ ጤፍሽን። ወፍጮውን ሙሉ በሙሉ ባያጠራውም ብዙውን ይጠርገዋል። ሽምብራና ለውዝ ራስሽ ቆልተሽ ያዢለት፤ የገበያ ቆሎ ገብስ አለበት። በሶ፣ ቅንጬና ብስኩት አይነካም። ድንች ጥብስም ሳምቡሳ በተጠበሰበት ዘይት ከሆነ ያው ነው።

ከሁሉ የከበደው ግን ጉርሻ ነው። ከአንድ ትሪ ሲበላ አንዷ ዳቦዋን ወጡ ላይ ታጠቅሳለች፣ ሌላዋ ዳቦ በነካ እጇ ታጎርሳለች። ጉርሻ መመለስ ነውር እንደሆነ እየሰማ ላደገ ልጅ እምቢ ማለት ይጨንቃል። የራሱ ሳህን ይኑረው፣ መልሱንም ቤት ተለማመዱት። ልጄ «ያመኛል፣ አንቺ ጉረሺልኝ» ትላለች፤ እየሳቀች ስለምትለው የተቀየማት የለም። በኦሮምኛም አስጠኚው፤ እዚህ ካምፕ ከሚያገለግሉት እናቶች ብዙዎቹ ኦሮምኛው ይቀላቸዋል። ቀመዲና ገርቡ (ስንዴና ገብስ) እንደማይበላ በራሱ አፍ ይንገራቸው።

ካምፑ ነሐሴ 13ን የሚጨምር ከሆነ ቡሄን አትርሺ። ሆያ ሆዬ ጨፍሮ ሙልሙል ሲታደል ባዶ እጁን መቆሙ ለልጅ ከባድ ነው። ስንዴ ያልነካው የበቆሎ ዳቦ በኮባ ጋግረሽ በዋዜማው አድርሺለት፤ ለጓደኞቹም የሚቆርስላቸው እንዲተርፈው ተለቅ ይበል።

ተሳስቶ ከበላ ደግሞ እንዳይደብቅ አስቀድመሽ ንገሪው፤ የሚቆጣው እንደሌለ ይወቅ። የሚያረክስለት መድኃኒት የለም። ካስመለሰው ወይም ካስቀመጠው ፈሳሽና ኦአርኤስ ይስጡት፣ ለአንቺም ወዲያው ይደውሉ፤ ካልቆመለት ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

ወጥ ሠሪዋን ካነጋገርሽ በኋላ ያልጣመሽ ነገር ካለ እዚሁ ጻፊልኝ። ለወፍጮውም ከፈለግሽ አብረን እንሄዳለን።