ተመልካቹ ስልኩን መቼ ያንሳ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። ከቴአትር ጥበባት፣ ከኮምፒውተር ሳይንስና ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተሰባስበን አንድ ቴአትር እያዘጋጀን ነው። ታሪኩ የካቲት 12 ነው። የምናሳየው እዚያው ስድስት ኪሎ ግቢ፣ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ነው። ተመልካቹ ወንበር የለውም፤ እየተራመደ ያያል። ስልኩን ሲያነሳ ደግሞ በኦግመንትድ ሪያሊቲ፣ ባጭሩ በኤአር፣ ቦታው ላይ የሌለ ነገር በካሜራው ውስጥ ይታየዋል። አሁን ግን ለሁለት ተከፍለናል። ኮድ የሚጽፈው ጓደኛችን ግራዚያኒን በስሪዲ፣ ማለትም በኮምፒውተር በተሠራ ባለ ሦስት ገጽታ ምስል፣ ሠርቶ ደረጃው ላይ ሊያቆመው ይፈልጋል። አዘጋጇ ደግሞ ተዋናይ ይበቃል ትላለች። የአብዛኛው ተማሪ ስልክም ደካማ ነው። ምን ይመክሩናል?
የቴአትር ተማሪ፣ ከስድስት ኪሎ

መልስ፦ ልጆች፣ ደብዳቤያችሁ በጣም ደስ አሰኝቶኛል። የካቲት 12 ቀን 1929 አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ የወረወሩት እዚያው ግቢ ነው። ለምጽዋት የተጠራው ድሃም የተሰበሰበው እዚያው ነበር። ሌላ አገር ያለ ቡድን እንዲህ ያለ ቦታ ቢያገኝ ምን ያህል በተደሰተ!

እኔ ብዙ ዘመኔን ያሳለፍኩት በመድረክ መብራት ነው። የመብራት ሠራተኛ ሁልጊዜ የሚጠይቀው አንድ ነገር አለ፤ አሁን የተመልካቹ ዓይን የት ነው? ለእናንተም የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ስልክ በተነሳ ቁጥር ተዋናዩ ከተመልካቹ ዓይን ይወጣል። ፊቱ፣ ትንፋሹ፣ እጁ ሁሉ ይቀርና መዳፍ የምታክል ስክሪን ትተካለች። ስለዚህ ስልኩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነስቶ አይቆይ። በጠቅላላው ሦስት ጊዜ ቢነሳ ይበቃል። ሦስቱም ጊዜ ተዋናይ ፈጽሞ ሊያደርገው የማይችለውን ነገር ያሳይ።

ምን ዓይነት ነገር? ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ያለችውን፣ ወደ የትም የማትወስደውን ደረጃ ታውቋታላችሁ። ጣሊያኖቹ የሠሯት ለሙሶሎኒ ነው። ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእያንዳንዱ የሥልጣን ዓመቱ አንድ እርከን አኖሩ። ከነፃነት በኋላ ጫፏ ላይ አንበሳ ተቀመጠባት። በየቀኑ ስንት ተማሪ በአጠገቧ ያልፋል! ታሪኳን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

አሁን ይህን አስቡት። ተዋናይዋ የግቢው አስጎብኚ ናት። ተመልካቹን ደረጃዋ ጋ ታደርሳለች። «ስልካችሁን አንሱ» ትላለች። ሲያነሱ ከታችኛው እርከን ላይ 1922 የሚል ቁጥር ይበራል። ቀጥሎ 1923፣ ቀጥሎ 1924። ቁጥሩ እርከን በእርከን ይወጣል። በጆሮ ማዳመጫው የሠልፍ እርምጃ ይሰማል፤ እሱም አብሮ ይጨምራል። መጨረሻው እርከን ላይ ሲደርስ ስክሪኑ ድንገት ይጨልም፤ ድምፁም ይቁም። አስጎብኚዋ በተፈጥሮ ድምፅዋ «ቀና በሉ» ትበል። ስልኩ ይወርዳል፤ ተመልካቹ በባዶ ዓይኑ አንበሳውን ያያል። የኤአሩ ሥራ ዓይኑን እስከዚያ ማድረስ ነው። ከዚያ በላይ እንዲሠራ አትጠይቁት።

ለመሥራትም ቢሆን ይህ ከግራዚያኒ እጅግ ይቀላል፤ ቁጥር ብቻ ነውና። ቅርሱንም አይነካም፤ ሚስማር የለም፣ ቀለም የለም። ብቻ ተዋንያኑ እርከኑ ላይ እንዳይወጡ አደራ።

ወደ ክርክራችሁ ልመለስ። ግራዚያኒን በስሪዲ አታቁሙት። የሰው ፊት በኮምፒውተር መሥራት ከሁሉም ይከብዳል። ትንሽ ከተዛባ ተመልካቹ ታሪኩን ትቶ ጉድለቱን ያያል። ሌላም ነገር አለ። ደረጃው ላይ ምስሉ ከቆመ ሰዉ አጠገቡ ሄዶ ሰልፊ ይነሳል። ያን ቀን ያንን ቦታ ለእሱ መስጠት ልቤ አይፈቅድም። ድምፁ ብቻ ይምጣ፤ በጣሊያንኛ፣ ያለ ትርጉም። እዚያ ከተሰበሰበው ሰው ብዙው ጣሊያንኛ አያውቅም ነበርና። ኮድ ጸሐፊው ወንድሜም ቅር አይበለው፤ የደረጃዋ ትዕይንት ሙሉ በሙሉ የእሱ ነው።

የጭፍጨፋውን ነገር ደግሞ አጥብቄ ልናገር። ከየካቲት 12 በኋላ በነበሩት ሦስት ቀናት ስለሆነው ነገር ፎቶዎች አሉ። ከእነሱ ውስጥ ጣሊያኖቹ ራሳቸው ያነሷቸው አሉ። ተመልካቹ ስልኩን አንስቶ ሬሳ ካየ፣ የሚቆመው ያ ፎቶ አንሺ በቆመበት ቦታ ነው። ይህን በምንም ዓይነት አታድርጉት። እዚያ ክፍል ላይ ስልኩ ኪስ ይግባ። ተዋናይ ይናገር፤ የያሬድ ልጆች ይጫወቱ። ማሲንቆ ብቻውን ይበቃል።

ተዋንያኑን በተመለከተ አንድ የቆየ ልምድ ልንገራችሁ። በ1862 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ጆን ፔፐር የሚባል ሰው መድረክ ላይ መንፈስ አሳየ። ዘዴው ያዘነበለ፣ ከጀርባው ያለውን አሳልፎ የሚያሳይ ትልቅ መስታወት ነበር። ከታች የተደበቀ ተዋናይ ላይ ኃይለኛ መብራት ሲበራ ምስሉ መስታወቱ ላይ ያርፋል፤ ለተመልካቹ መድረኩ ላይ የቆመ ይመስላል። መድረክ ላይ ያለው ተዋናይ ግን መንፈሱን አያየውም። ሰይፉን የሚሰነዝረው ወደ ባዶ አየር ነው። የእናንተም ተዋንያን ችግር ይኸው ነው፤ ኤአሩን የሚያየው ስልክ የያዘው ብቻ ነው። ስለዚህ መሬቱ ላይ ምልክት አድርጉ። ተዋናይዋ ዓይኗን የምትጥልበት ቁመት፣ የምትቆምበት ነጥብ፣ የምትጠብቀው ቆይታ ሁሉ በልምምድ ይወሰን። መጀመሪያ ላይ ያለ ስልክ ተለማመዱ። ካርቶን በስልክ ልክ ቆርጣችሁ ለጓደኞቻችሁ ስጧቸው። ካርቶኑን ሲያነሱ ተዋናይዋ ምን እንደሚሰማት ጠይቋት። ይህ ምንም ገንዘብ አይፈጅም፤ ከኮዱ በፊት ግን ብዙ ነገር ያሳያችኋል።

አሁን ቴክኒኩ። ካሜራው ቦታውን የሚያውቀው በዝርዝሩ ነው፤ በድንጋዩ ስንጥቅ፣ በጥላው፣ በማዕዘኑ። ጨለማ ካለ አያውቅም። እኩለ ቀን ላይ ደግሞ የፀሐዩ ነጸብራቅ ስክሪኑን አያሳይም። ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ጀምራችሁ ሳይመሽ ጨርሱ። የልምምዱም ሰዓት ያው ይሁን፤ ጠዋት የተሞከረ ነገር ማታ ላይ ጥላው ዞሮ ይጠብቃችኋል።

ካሜራው ቦታውን እንዲለይበት ታትሞ የሚለጠፍ ምስል የምትጠቀሙ ከሆነ የሀበሻ ልብስ ጥለት አትምረጡ። ያምራል፤ ነገር ግን ቅርፁ ይደጋገማል። ስልኩ የትኛው ጫፍ የቱ እንደሆነ ይምታታበታል። የማይደጋገም፣ ጥቁርና ነጩ የለየ ምስል ይሻላል። ትልቅ ፊደል ያለበት የድሮ ጋዜጣ ዓይነት ጥሩ ነው። መጠኑን በዚህ ገምቱ፤ ተመልካቹ የሚቆምበት ርቀት የምስሉን ወርድ አሥር እጥፍ ያህል ሊሆን ይችላል። ሠላሳ ሳንቲ ሜትር የሆነ ወረቀት ከሦስት ሜትር ያህል ይነበባል ማለት ነው። የሚያብለጨልጭ ላሚኔሽን አታስደርጉበት።

ደካማ ስልክ ላላችሁት፣ ሁሉም ስልክ ኤአርኮር የሚባለውን፣ ኤአር የሚያሠራውን የጉግል ሶፍትዌር አይሸከምም፤ የሚቀበላቸው ስልኮች ዝርዝር አለው። ጓደኞቻችሁ የያዙትን ቴክኖና ሳምሰንግ ሞዴል በሞዴል አጣሩ። መፍትሔው ግን ለሁሉም ሰው ስልክ መፈለግ አይደለም። ለሁለት ሰው አንድ ስልክ ስጡ። አንዷ ትይዛለች፣ ሌላው ተጠግቶ ያያል፤ ጆሮ ማዳመጫውን ይካፈላሉ። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው የካቲት 12ን ሲያዩ፣ ያ ራሱ ቴአትር ነው። በአንድ ዙር ከሃያ ሰው በላይ አታስገቡ። አፑን ቀደም ብላችሁ በቴሌግራም ላኩ፤ በዕለቱ የማንም ዳታ ላይ አትተማመኑ። ስልኮቹ ስለሚግሉና ባትሪ ስለሚጨርሱ የተሞላ ፓወር ባንክ ይኑራችሁ።

የመጨረሻው ቃል የማን ይሁን? የአዘጋጇ ነው፣ ያለ ክርክር። ኮድ ጸሐፊው ግን ከመጀመሪያው ንባብ ጀምሮ ይገኝ፤ መጨረሻ ላይ ተጠርቶ «ይህን ጨምርልን» አይባል። ኪው፣ ማለትም «አሁን» የሚለውን ምልክት፣ የሚሰጥ አንድ ስቴጅ ማናጀር (የመድረክ አስተባባሪ) ሹሙ። ቁጥሩ የሚበራው፣ ስክሪኑ የሚጨልመው እሱ ሲጫን ይሁን። ተዋናይዋ ሶፍትዌሩን አትጠብቅ፤ ሶፍትዌሩ እሷን ይጠብቅ። በ2016 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ሮያል ሼክስፒር ኩባንያ አንዱን ገጸ ባሕርይ በዲጂታል ምስል መድረክ ላይ ሲያወጣ፣ ከምስሉ ጀርባ በሰውነቱ ላይ ሴንሰር የለበሰ ተዋናይ በቀጥታ ይንቀሳቀስ ነበር። ያን ያህል አቅም ያላቸውም ሰዎች ምስሉ መቼ እንደሚንቀሳቀስ መወሰኑን ለተዋናይ ነው የሰጡት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ መስማት የተሳነኝ ተማሪ ነኝ። ጓደኞቼ በኤአር ቴአትር ሊሠሩ ነው፤ በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማ ነገር ብዙ አለው። እኔም ማየት እፈልጋለሁ። ይህ ቴክኖሎጂ ለእኔ የሚሆን ነገር የለውም?
ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እንዴታ፣ አለው እንጂ። የለንደኑ ናሽናል ቴአትር በ2018 እ.ኤ.አ. ለዚሁ የሚሆን መነጽር ለተመልካች ማዋስ ጀምሯል። መነጽሩን ያደረገ ሰው ተዋንያኑ የሚናገሩት ነገር በጽሑፍ ዓይኑ ፊት ይታየዋል፤ ከመድረኩ ላይ ዓይኑን አያነሳም። ሶፍትዌሩ ንግግሩንና የመብራቱን ኪው እየተከተለ ጽሑፉን በሰዓቱ ያወጣል።

የተማሪ ቡድን ያንን መነጽር መግዛት አይችልም። ለጓደኞችሽ ግን ይህን ንገሪያቸው። ስልኩን ማንሳት ሲያስፈልግ ደወል ሳይሆን ንዝረት ይላኩ፤ ለሁሉም ተመልካች፣ ለአንቺ ብቻ አይደለም። በኪስ ውስጥ የሚሰማ ንዝረት ትዕይንቱን አይረብሽም። የእርምጃው ድምፅ እያየለ ሲሄድ ንዝረቱም አብሮ ይጠንክር፤ ያኔ አንቺም ሠልፉን በእጅሽ ትሰሚዋለሽ። ስልኩ ኪስ በሚገባባቸው ክፍሎች ደግሞ ከተዋንያኑ አንዷ በምልክት ቋንቋ የምትናገር ትሁን፤ ጥግ ላይ የምትቆም አስተርጓሚ ሳትሆን በታሪኩ ውስጥ ያለች ሰው። ምጽዋት ሊቀበል ከመጣው ሕዝብ መካከል መስማት የተሳናት እናት ብትኖር ማን ይገረማል?

ይህን ሲወስኑ አንቺም አብረሻቸው ተቀመጪ። ጽሑፍ የሚያወጡ ከሆነም ነጭ ፊደል በጥቁር መደብ ላይ ይሁን፤ በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር አይብለጥ፤ የሚናገረውም ሰው ማን እንደሆነ ከፊቱ ይጻፍ።