የጓሮ ወሬ፦ ታቹ የጠቆረ ቲማቲም፣ መካን ፓፓያ እና የቶሮንቶው ወንድም

ሰላም የሐዋሳ ባለ ጓሮዎች፣ ባለ በረንዳዎችና ባለ ጀሪካኖች! ዝናቡ እየሳሳ ነው፣ ስለዚህ ደብዳቤው በዝቷል። ሰማዩ ሲያጠጣልን ማንም ጥያቄ የለውም፤ ጣጣው የሚጀምረው ባልዲው እኛ እጅ ሲገባ ነው። የዚህ ወር ጥያቄዎቻችሁን ሳነብ የታዘብኩት፣ ተክል የሚሞትባችሁ በስንፍና አይደለም። በጥድፊያ ነው። ቶሎ ይደግ፣ ቶሎ ይድረስ፣ ቶሎ ይድረቅ። በሉ እንግባበት።

ሰላም ለእናንተ ይሁን። አቶቴ አካባቢ ተከራይቼ ነው የምኖረው። ግቢው የአከራዮቼ ስለሆነ በረንዳ ላይ በጀሪካን ቲማቲም ተከልኩ። ቅጠሉ ያምራል፣ ፍሬም ይዟል። ግን ፍሬው አደግ ሲል ታቹ ይጠቁርና ጠፍጠፍ ብሎ ይበሰብሳል። ጎረቤቴ በሽታ ነው፣ መድኃኒት ርጪበት አለችኝ። ምን ልርጭ? (የበረንዳዋ)

ምንም አትርጪ እህቴ። ገንዘብሽን ያዢ።

ይሄ በሽታ አይደለም። ፍሬው ካልሲየም አጥሮት ነው። ያጠረው ግን አፈሩ ውስጥ ስለሌለ ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ አለ። ካልሲየም ወደ ፍሬው የሚጓዘው ከውሃ ጋር ስለሆነ ውሃው ሲቆራረጥ እሱም ይቆራረጣል፣ የፍሬው ታች ደግሞ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ስለሆነ ቀድሞ የሚጎዳው እሱ ነው። እንግዲህ የቧንቧችንን ጠባይ ታውቂዋለሽ። ውሃ ይጠፋል፣ ቲማቲሙ ይጠወልጋል፣ አንቺ ትጨነቂያለሽ። ከዚያ ውሃ መጣ ሲባል በደስታ አንድ ባልዲ ሙሉ ትገለብጪበታለሽ። ቲማቲሙን የገደለው ይሄ ረሃብና ጥጋብ ነው።

ስለዚህ ውሃ ስታጠራቅሚ የቲማቲሙንም ድርሻ አብረሽ ቁጠሪ። ጣትሽን አፈሩ ውስጥ ሰካ አድርጊ፤ ውስጡ ደረቅ ከሆነ አጠጪ፣ እርጥብ ከሆነ ተይው። ላዩን በደረቅ ሣር ወይም በጭድ ሸፍኚው፣ የሐዋሳ የከሰዓት ፀሐይ ጀሪካን ውስጥ ያለ አፈር ላይ ቀልድ አያውቅም። የጀሪካኑ ታች ቀዳዳ ከሌለው ዛሬውኑ ሚስማር አግለሽ ብሺው። ዩሪያም አታብዢበት፣ ቅጠሉ እየተንዠረገገ ፍሬው ይራባል። የጠቆሩትን ለቅመሽ ጣይ፤ የሚቀጥሉት ደህና ይሆናሉ።

መፍራት ያለብሽ ሌላ ነገር ነው። ቅጠሉ ከውስጥ ለውስጥ ተበልቶ ነጣ ያለ ቦታ ካየሽበት፣ ፍሬው ላይም የመርፌ ቀዳዳ የሚያካክል ነገር ካለ፣ ያ ቱታ አብሶሉታ የሚባለው ትል ነው። መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው፣ እኛ አገር የታየው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፣ ከዚያ ወዲህ የቲማቲም ገበሬውን አሳሩን እያበላው ነው። በረንዳ ላይ ግን ታሸንፊዋለሽ። የተበላውን ቅጠል ቀጥፈሽ ፌስታል ውስጥ አስገቢና ጥብቅ አድርገሽ አስረሽ ፀሐይ ላይ አስቀምጪው። በየቀኑ ማታ ማታ ቅጠሉን ገልበጥ አድርገሽ እዪ።

ቤታችን ታቦር ተራራ ሥር ነው። ግቢያችን ያለው ፓፓያ ማበብ ከጀመረ ቆየ። አበባው በረዥም ዘንግ ላይ ተንጠልጥሎ ብዙ ነው፣ ግን ይረግፋል እንጂ ፍሬ አይሆንም። ባለቤቴ ግንዱ ላይ ሚስማር ቢመታበት ደንግጦ ያፈራል ተብላለች። ልምታበት? (ባለ ፓፓያው)

ሚስማሩን ለአጥሩ አስቀምጠው ወንድሜ። ብትመታውም ብትለምነውም አያፈራም፣ ወንድ ነው።

ፓፓያ ወንድም፣ ሴትም፣ ሁለቱንም የያዘም አለው። የወንዱ አበባ ልክ አንተ እንዳልከው በረዥም ዘንግ ላይ ተንጠልጥሎ የሚበዛ፣ ትናንሽ ነው። የሴቷ ተለቅ ይላል፣ ከግንዱ ጋር ተጣብቆ ነው የሚወጣው፣ ከሥሩም ገና ሳይከፈት እብጥ ያለች ነገር ትታያለች። ያቺ ናት ፍሬ የምትሆነው። ዘሩን ወይም ችግኙን አይቶ ይሄ ወንድ ነው፣ ይቺ ሴት ናት ማለት ግን አይቻልም፤ ገበያ ላይ «ሴት ነው፣ ውሰደው» የሚልህ ሰው ካለ እየሸጠልህ ያለው ተስፋ ነው።

መላው ቀላል ነው። አንድ ጉድጓድ ላይ ሦስት አራት ችግኝ ትከል። ሲያብቡ ሴቷን ወይም ሁለቱንም የያዘውን ታስቀርና ሌላውን ትነቅላለህ። አሁን ያለውን ወንድ ግን ቶሎ አትቁረጠው፣ ለሴቶቹ የአበባ ዱቄት ይሰጥልሃል። ለባለቤትህም ፓፓያው በሐኪም አነጋገር «ጤነኛ ነው» በልልኝ።

ሰላም፣ ስሜ ይቅር። ታላቅ ወንድሜ ቶሮንቶ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ጋንጃ ይተክላል፣ ተፈቅዷል ይላል። እሁድ እሁድ ስንደዋወል ወሬያችን ሁሉ ተክል ሆኗል። እኔ ስለ ቃሪያዬ፣ እሱ ስለ እሱ ነገር። እንደሱ የሚተክሉ ጓደኞቹ ካሉ እነሱም ይገባሉ፣ የማን ሻገተ፣ የማን ደረሰ፣ የማን ሚስት ወለደች፣ ሁሉም አንድ ላይ ይወራል። ደስ ይላል። አሁን ግን «የሐዋሳ ፀሐይ እኮ እየባከነ ነው፣ በፖስታ ዘር ልላክልህ» አለኝ። ለማሚ አልነገርኳትም። እውነት እዚያ ተፈቅዷል? እዚህስ ሁለት ሥር ብቻ ብተክል ማን ያውቃል? (የቃሪያው ልጅ፣ ከመናኸሪያ)

ወንድምህ አልዋሸህም። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 17 ቀን 2018 ጀምሮ ለአዋቂ ፈቅዳለች። ልኩ በቤት አራት ሥር ነው። በሰው አይደለም፣ በቤት ነው፤ አምስት ሆነው ቢኖሩም አራት ነው። ደግሞ ካናዳ ሁሉ አንድ አይደለም፦ ኩቤክ ቤት ውስጥ መትከል ከልክላለች፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2023 ክልከላውን አጽንቶላታል። ጀርመንም እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2024 ወዲህ ለአንድ አዋቂ ሦስት ሥር ፈቅዳለች። ይሄ የእነሱ ነው።

እዚህ የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 525 አለ። ያለ ፈቃድ መትከሉ ራሱ ወንጀል ነው፣ ቅጣቱም ጽኑ እስራት ነው። «ልሸጠው አይደለም»፣ «ሁለት ሥር ነው» የሚለው አያድንህም። አንዳንዱ ሻሸመኔ እኮ እዚህ አፍንጫችን ሥር ነው፣ እዚያ ዝም ይባላል ይላል። ሻሸመኔ ያለው መሬት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከጣሊያን ጋር በተደረገው ጦርነት ኢትዮጵያን ለደገፉ የውጭ ጥቁር ወገኖቻችን የሰጡት ነው፣ ራስታዎቹም ዕፁን ከእምነታቸው ጋር ያያይዙታል፤ ሕጉ ግን ለሻሸመኔ ተብሎ የተለየ ቀዳዳ የለውም። ፖስታውም ሌላ ጣጣ ነው። ያለ ፈቃድ ከካናዳ ማውጣት በካናዳም ሕግ ክልክል ነው። ስለዚህ ወንድምህ ዘሩን ፖስታ ውስጥ ሲከት እዚያ እሱ ይጠየቃል፣ እዚህ ስትቀበል አንተ ትጠየቃለህ። ለሁለት ሥር ነገር ሁለት ወንድማማች?

«ማን ያውቃል» ላልከው ደግሞ፣ ይሄ ተክል ሲያብብ ይሸታል። ትንሽ አይደለም። መናኸሪያ አካባቢ አጥር ለአጥር ተጠጋግተን ነው የምንኖረው፣ የጎረቤትህ ቡና ሲፈላ ስንተኛው እንደሆነ ታውቃለህ አይደል?

ስለ ፀሐዩ ግን ወንድምህን ልትከራከረው ትችላለህ። እነሱ ጋ ውጭ የሚተክል ሰው ውርጭ እስኪያልፍ ሜይ መጨረሻ ድረስ ይጠብቃል፣ ኦክቶበር ላይ ውርጩ ሳይመለስ ደግሞ ይሰበስባል። በመሃል ያለው በጋ ቀኑ ረዥም ነው፤ ምሽት ሦስት ሰዓት ላይ ገና ብርሃን ነው። ተክሉ የሚያድገው በዚያ ነው፣ ሌሊቱ መርዘም ሲጀምር ያብባል። ሐዋሳ ቀንና ሌሊታችን ዓመቱን ሙሉ እኩል ለእኩል ሊባል ይችላል። የነሱን ረዥም ቀን የለመደ ዘር እዚህ ገና ቁመት ሳያወጣ ያብባል። «ፀሐያችሁ ባከነ» ሲልህ ይሄን ንገረው፣ እሁድ ሙሉ ይከራከርሃል።

እኔን ከዘሩ በላይ የያዘኝ ወሬያችሁ ነው። እነዚያ ሰዎች የሚያወሩትን ልብ ብለህ ብትሰማ እዚህ ገጽ ላይ ያለው ነው። ከላይ ለባለ ፓፓያው ወንድና ሴት ብያለሁ፤ እነሱም ወንዱን ገና ሲያብብ ለይተው ይነቅላሉ፣ ምክንያቱ ብቻ ተቃራኒ ነው፣ ሴቷ ዘር እንዳትይዝ ስለሚፈልጉ። የበረንዳዋ ውሃ ሲመጣ በአንዴ ታበዛለች፤ የጀማሪ ሁሉ ጥፋት እነሱም ጋ እሱ ነው። ሻገተ ያልከው የበልጋቸው... ይቅርታ፣ የመፀዋቸው ዝናብ አበባው ውስጥ ገብቶ የሚያመጣው ግራጫ ሻጋታ ነው፣ ያንተም ቃሪያ በክረምት ጥቅጥቅ ብሎ ከተተከለ የሚገጥመው ዘመዱ ነው። ስለዚህ ወሬው ይቀጥል። አንተ ያለህ ትልቅ ብልጫ ደግሞ አለ፦ ቃሪያ ውርጭ ካላገኘው ዓመት አልፎ ይቆያል፣ አንድ ሥር ተንከባክበህ ከርመህ ትለቅማለህ። እሱ ቃሪያ ከፈለገ ማርች ላይ ቤት ውስጥ አብቅሎ፣ ጁን አካባቢ አውጥቶ፣ በመጀመሪያው ውርጭ ይቀብራል። እስቲ በአራት ሥሩ አጠገብ አንድ ባልዲ ቃሪያ ይትከልና በፎቶ ተወዳደሩ። ዘሩን እዚያው ይግዛ፣ የቃሪያም ቢሆን ዘር ያለ ወረቀት በፖስታ አይላክም።

ለማሚ ደግሞ፣ ዘሩ ካልመጣ የሚነገራትም የለም።

ጤና ይስጥልኝ። በሶብላዬ ዘንድሮ ጉድ አስባለ። ለበርበሬ ብዬ ቆርጬ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ አሰጣሁት፣ በሁለት ቀን ደረቀ። አሁን ግን ሽታ የሚባል የለውም፣ ገለባ ሆነ። ዘሩ ነው ችግሩ? (ከቱላ)

ዘሩ አይደለም እናቴ፣ ቆርቆሮው ነው። የበሶብላ ሽታ ዘይት ነው፣ ዘይቱ ደግሞ በሙቀት ይተናል። የሐዋሳ ቆርቆሮ በቀትር ምጣድ ነው፤ ቅጠሉ ሳይደርቅ ሽታው ሄዷል።

ሲያብብ፣ ጠዋት ጤዛው እንደጠፋ ይቁረጡት። ትናንሽ እስር አድርገው ጥላ ውስጥ፣ ንፋስ የሚያልፍበት ቦታ፣ አበባው ወደ ታች እንዲሆን ይስቀሉት። እስሩ ወፍራም ከሆነ መሃሉ ይሻግታል። ዘንጉ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል። ከዚያ ክዳን ባለው ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ያድርጉትና የመጀመሪያዎቹን ቀናት ይከታተሉት፤ የዕቃው ግድግዳ ላይ ላብ ካዩ ቶሎ አውጥተው እንደገና ያሰጡት፣ በጥላ። የቃሪያው ልጅ ወንድምም ቶሮንቶ ላይ የራሱን እንደዚሁ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሰቅሎ፣ ጠርሙስ ውስጥ ከትቶ፣ በየቀኑ ክዳኑን ሲከፍት ይውላል። እርስዎ ቢያንስ በርበሬ ያገኙበታል።

የደረቀውን አይጣሉት፣ ሽሮ ውስጥ ይግባ። ትንሽም ቢሆን አለው።

ጡረታ ወጥቼ ሐይቁ አጠገብ ነው የምኖረው። ማንጎ አለኝ። በየዓመቱ ነገ ይበስላል ስል ዛሬ ጦጣ ይጨርሰዋል። ውሻ ገዛሁ፣ ውሻው ተላመዳቸው። ጉሬዛዎቹም አሉበት መሰለኝ። ከጎረቤቴ ጋር በየጠዋቱ ወንበር አውጥተን እንጠብቃለን፣ ጨዋታ ይይዘንና ከኋላችን ይወስዱታል። ምን ይሻላል? (ጡረተኛው)

ጋሼ፣ ጉሬዛን ከክሱ ያውጡት፣ ዋና ምግቡ ቅጠል ነው። ሌባው ጦጣው ነው።

ጦጣን በጥበቃ አያሸንፉትም፣ ሥራ የለውም፣ ቀኑን ሙሉ እርስዎን ነው የሚያይ። ቀድመውት ይልቀሙ። ማንጎ ዛፉ ላይ እስኪበስል መጠበቅ የለበትም። ከዘንጉ ጋር የሚገናኝበት ትከሻው ሞላ፣ ከፍ ከፍ ካለ አድጎ ጨርሷል፤ አንዱን ቆርጠው ውስጡ ወደ ቢጫ መሄድ ከጀመረ የቀረውን ያውርዱ። ሲለቅሙ አጭር ዘንግ ያስቀሩበት፣ ነጭ ፈሳሹ ልጣጩን ያቃጥለዋል፣ የእርስዎንም ቆዳ ሊያሳክክ ይችላል። ከዚያ በጋዜጣ ጠቅልለው ካርቶን ውስጥ፣ አንድ ሁለት የበሰለ ሙዝ አብረው ያድርጉ፣ ሙዙ የሚያወጣው ጋዝ ያበስለዋል። ካርቶኑን ቤት ውስጥ፣ መስኮት የተዘጋበት ክፍል ያኑሩት። ትንሽ እንጭጭ የሆነውን ዛፉ ላይ ይተዉለት፣ ካልሆነ ተናዶ ወደ ጎረቤትዎ ጎመን ይዞራል።

ወንበሮቹን ግን አያስገቡ።