የኢንተርኔት ማጣሪያ በሕግ ግዴታ ይሁን? ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ጎንደር ውስጥ ኔትወርክ ስዘረጋ የኖርኩ ሰው ነኝ። መንግሥት ኢንተርኔት አቅራቢዎችን «አጣሩ»፣ ማለትም «የማልፈልጋቸውን ገጾች ዝጉ» ብሎ በሕግ ማስገደዱን አጥብቄ እቃወማለሁ። ለምን የሚል ይጠይቅ። ቀድሜ ላስጠንቅቅ፦ ነፃ ቪፒኤን (በሌላ ኮምፒዩተር በኩል አዙሮ የተዘጋ ገጽ የሚያስከፍት መተግበሪያ) ያገኛችሁትን ሁሉ አትጫኑ።

ማራኪ፦ ጋሼ፣ ማጣሪያው እንዴት ነው የሚሠራው?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ። አንዱ መንገድ ስሙን መዝጋት ነው። ስልክህ «ይህ ገጽ የት ነው?» ሲል ዲኤንኤሱ (የገጹን ስም ወደ አድራሻ ቁጥር የሚለውጠው አገልግሎት) የውሸት መልስ ይሰጠዋል። በቀላሉ ይታለፋል። ሌላው የአይፒ አድራሻውን፣ ማለትም ገጹ ያለበትን ኮምፒዩተር ቁጥር መዝጋት ነው። ጣጣው እዚህ ላይ ነው፤ በአንድ አድራሻ ሺህ ድረ ገጽ ሊኖር ይችላል። አውስትራሊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አጭበርባሪዎችን አዘጋለሁ ሲል፣ ምንም ያላጠፉ ከ1,000 በላይ ገጾች አብረው ተዘጉ። ሩሲያ እ.ኤ.አ. በ2018 ቴሌግራምን ለመዝጋት የአማዞንና የጉግል አድራሻዎችን በሚሊዮን ዘጋች። ጉዳዩ የማይመለከታቸው አገልግሎቶች ተስተጓጎሉ፤ ቴሌግራም ግን ይሠራ ነበር። ሦስተኛው መስመሩ ላይ መሣሪያ ተክሎ ግንኙነቱን መፈተሽ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ለማጣራት የተገዛው መሣሪያ ማን ምን እንደከፈተም ያያል።

የአዘዞ እናት፦ ልጆቼ ምን እንደሚያዩ አላውቅም። መንግሥት ቢዘጋልኝ ምን አለበት?

መልስ፦ እታለም፣ ስጋትሽ ልክ ነው። ዋይፋይ ካለሽ ራውተሩ (ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ሣጥን) ላይ ዲኤንኤስ የሚለው ቦታ 1.1.1.3 ብለሽ ሙዪ። ክላውድፍሌር የሚባል የኢንተርኔት ኩባንያ ነው ያዘጋጀው፤ የወሲብ ገጾችንና ቫይረስ የሚያሰራጩትን ይዘጋል፣ ክፍያም የለውም። ሞባይል ዳታ ላይ ግን አይሠራም፤ ስልኩን ለብቻው ማስተካከል አለብሽ። ቤትሽ ውስጥ የሚዘጋውን የምታውቂው አንቺ ነሽ።

ባለሱቅ፦ ሥርዓት ያስፈልጋል! ያጨራረሰን የጥላቻ ንግግር ነው።

ማራኪ፦ ለሱ አዋጅ 1185/2012 አለ። የተናገረውን ፍርድ ቤት አቁመው።

ባለሱቅ፦ ፍርድ ቤት እስኪደርስ ሰው ያልቃል!

የአዘዞ እናት፦ እኔ እኮ የልጆች ነገር ነው የጠየቅሁት።

መልስ፦ ተረጋጉ። እኛ ዘንድ በ2015 ዓ.ም. ፌስቡክና ቴሌግራም ለወራት ተዘግተው ነበር። ጥላቻው ቆመ? ሰው በቪፒኤን ገባ። ነፃ ቪፒኤን ደግሞ ውሂባችሁን ሊሸጥ ይችላል፤ ብያለሁ።

አራዳ፦ የትኛው ቪፒኤን ይሻላል?

መልስ፦ ከላይ አንብብ።

ቀበሌ 18፦ ኔት ለምን ይንቀራፈፋል?

መልስ፦ ሌላ ጉዳይ ነው። አቅራቢህን ጠይቅ።

ማራኪ፦ ዝርዝሩ በጥንቃቄ ቢዘጋጅስ?

መልስ፦ በማን ጥንቃቄ? የአውስትራሊያ ተቆጣጣሪ ሚስጥራዊ ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ2009 አፈትልኮ ሲወጣ የአንድ የጥርስ ሐኪም ድረ ገጽ ተገኘበት። አስገዳጅ የማጣሪያ ዕቅዳቸውንም እ.ኤ.አ. በ2012 ተዉት። እኛ ዘንድ በ2010 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ተዘግተው የነበሩ 264 ድረ ገጾችና ብሎጎች ተከፈቱ ተባለ። ተዘግተው ሳሉ «ይህ በዚህ ምክንያት ተዘግቷል» ያለን አልነበረም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ላይ ቅድመ ምርመራን (ሳንሱርን) በማንኛውም መልኩ ከልክሏል። ወንጀል ያለበት ገጽ ካለ ፍርድ ቤት ያዝዝ፣ ትእዛዙም ይፋ ይሁን፣ ባለቤቱም ይግባኝ ይበል።

አራዳ፦ ለምንድነው የሚዘጉት?

መልስ፦ ምኑን? መቼ? ለይተህ ጠይቅ እንጂ ወንድሜ።

አራዳ፦ እሺ፣ አንድ ገጽ እምቢ ሲለኝ መዘጋቱን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ እንዲህ ጠይቅ! ኡኒ ፕሮብ የሚባል መተግበሪያ አለ። ገጹን ይሞክርና ዲኤንኤሱ ይሁን አድራሻው የት ላይ እንደተቋረጠ ያሳይሃል። ቀኑንና የአቅራቢህን ስም መዝግብ። ውጤቱ ከነኔትወርክህ ስም በይፋ ስለሚለጠፍ፣ ሳታስብበት አትጀምር።