ጀርባው ቢጫ የሆነው የኖላን ራያን ካርድ

ጥያቄ፦ ዳላስ አካባቢ ነው የምኖረው። ከአሮጌ ዕቃ ሽያጭ በገዛሁት ሣጥን ውስጥ የቤዝቦል ተጫዋቹ የኖላን ራያን የመጀመሪያ ካርድ ተገኘ። ጀርባው በጣም ቢጫ ስለሆነ ሐሰተኛ ነው ያሉኝ አሉ። ትንሽ ቆሽሿል፤ ላጽዳው?

መልስ፦ በቢጫነቱ ብቻ አይፍረዱ። የካርድ አሳታሚው ቶፕስ እ.ኤ.አ. በ1968 ካወጣው መደበኛ ካርድ ሌላ፣ ለሚልተን ብራድሊ ኩባንያ የቤት ውስጥ ጨዋታ የታተመ አለ፤ የዚህኛው ጀርባ ደመቅ ያለ ቢጫ ነው። በካናዳም በኦ-ፒ-ቺ ኩባንያ ስም ወጥቷል። የሁሉም ቁጥር 177 ነው፤ ራያንም ብቻውን ሳይሆን ከሜትስ ቡድን ጓደኛው ከጄሪ ኩዝማን ጋር ነው ያለው። ዋጋውን የሰቀሉት በቴክሳሱ ሬንጀርስ ቡድን ማልያ እስከ ተሰናበተበት እስከ 1993 ድረስ ራያን ያስመዘገባቸው 5,714 ስትራይክአውቶች (በውርወራው መቺዎችን ከተራ ያስወጣባቸው ጊዜያት) ናቸው። ኩዝማን ግን የሚገባውን ያህል አይወራለትም፤ የ1969ኙን ወርልድ ሲሪስ (የአሜሪካ ቤዝቦል የፍጻሜ ውድድር) የመጨረሻ ጨዋታ ወርውሮ ያሸነፈው እሱ ነው።

ለማጣራት፣ ከዚያው ከ1968ቱ የቶፕስ ስብስብ ስሙ ያልገነነ ተጫዋች ካርድ በርካሽ ይግዙና ጎን ለጎን ያስቀምጡ። 10 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ጥቁሮቹን ፊደሎች ይዩ። በእውነተኛው ላይ ቀለሙ ሙሉ፣ ጠርዙም ጥርት ያለ ነው፤ በነጠብጣብ የተሠራው ፎቶው ነው። ከካርዱ ተገልብጦ በታተመ ቅጂ ግን ፊደሉም ጭምር ወደ ነጠብጣብ ይበታተናል። ቀጥሎ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሁለቱን በአልትራቫዮሌት መብራት ይዩ። የእርስዎ ብቻ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ሆኖ ካበራ፣ ማንጫ ኬሚካል የገባበት የቅርብ ጊዜ ወረቀት ነው።

እውነተኛ ሆኖ የተከረከመም ያጋጥማል። ያረጀ ጠርዝ አዲስ እንዲመስል በምላጭ ይቆርጡታል። ልኩ 63.5 በ88.9 ሚሊሜትር ነው። ሁለቱን ካርዶች ገጥመው ጠረጴዛ ላይ ያቁሙ፤ የእርስዎ በግልጽ ካጠረ፣ ወይም ማዕዘኖቹ ዶልዱመው አንዱ ጎን ብቻ ስል ከሆነ ይጠርጥሩ።

ማጽዳቱን ይተዉት። እርጥበት ካርቶኑን ያሳብጠዋል፤ ላጲስ የላዩን ልስላሴ ይፍቃል፣ የካርድ ይዞታ መርምረው ደረጃ የሚሰጡ ባለሙያዎችም ይህን ወዲያው ያዩታል። መጀመሪያ ስስ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ፣ ከዚያ ጠንካራው መያዣ ውስጥ ያስገቡት። ማዕዘን ብዙ ጊዜ የሚታጠፈው በዚህ ሰዓት ነው፤ የከረጢቱን ሁለት ጎን በጣት ጫን አድርገው አፉ ሲከፈት ካርዱን በራሱ ክብደት እንዲንሸራተት ይልቀቁት። በላስቲክ አያስሩት፤ ጠርዙን ያሰረጉደዋል።