ይቅር ብዬው ልቤ ለምን ያመኛል?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ ታላቅ ወንድሜ ከአባታችን ቤት የሚደርሰኝን ድርሻ ሸጦ ከበላ ሦስት ዓመት ሆነው። ይቅር ብዬዋለሁ እላለሁ፤ ነገር ግን ቅዳሴ ላይ በወንዶች በኩል ቆሞ ሳየው ልቤ ይመታል። ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» (እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ) ሲል ዐይኔን ሰብሬ ምንጣፉን አያለሁ። ቂመኛ ነኝ ማለት ነው? መቍረብስ እችላለሁ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ሕመምና ቂም አንድ አይደሉም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ጌታ በመሰለው ምሳሌ ለባሪያው የተተወለት ዕዳ እልፍ (10,000) መክሊት ነው፤ አንዱ መክሊት 6,000 ዲናር ያህል ስለ ነበር 60 ሚሊዮን ዲናር ይሆናል። ባልንጀራው ለእርሱ የነበረበት ግን 100 ዲናር ነው፤ ባሪያው ግን ስለዚህ አንቆ ያዘው። ብዙ ጊዜ ይህ እንደ ኢምንት ተቈጥሮ ሲታለፍ እሰማለሁ፤ እኔ አልስማማም። ዲናር የሠራተኛ የቀን ደመወዝ ነበርና የመቶ ቀን ላብ ነው። ጌታ በደልሽን አላቃለለውም፤ የከለከለሽ ወንድምሽን እንደዚያ ባሪያ አንቀሽ መያዝን ነው።

«ይቅር» ስንል ዕዳው ይቅር፣ አልበቀልም ማለታችን ነው። እንግዲህ ራስሽን መርምሪ፤ ነገ ክፉ ቢደርስበት ደስ ይልሻል? ስሙ በክፉ ሲነሣ ትጨምሪበታለሽ? እንዲህ ከሆነ ቂም አለና ለንስሐ አባትሽ ሳትነግሪ አትቍረቢ። የልብ መምታቱ ብቻ ከሆነ ግን ቁስል ነው፤ ይህንንም ለንስሐ አባትሽ ንገሪና ወደ መድኃኒቱ ቅረቢ። ድርሻሽን በሽማግሌ መጠየቅም ቂም አይባልም፤ «ወንድምህ ቢበድልህ ገሥጸው» ተብሏልና።

አንድ ነገር ልጨምር። «መባህን ትተህ ሂድ» የሚለው ቃል በተበዳዮች ላይ ሲጫን ያሳዝነኛል። ጥቅሱ «ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው» ይላል፤ መሄድ ያለበት በዳዩ ነው። ለአንቺ የሚሆነው ማርቆስ 11፥25 ነው፦ ለጸሎት በቆምሽበት ይቅር በይ። እርሱ እስኪመጣ አትጠብቂ።

ማታ አቡነ ዘበሰማያት ስትደግሚ «ከመ ንሕነኒ ንኅድግ» (እኛም ይቅር እንደምንል) ላይ ስትደርሺ ቆም ብለሽ የክርስትና ስሙን ጥሪ። መጀመሪያ ምላስሽ እንቢ ይልሻል። በማግስቱም ደግመሽ ጥሪው።